«ጌት» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግስ በአማርኛ እንዴት እንፍታው?

ተርጓሚ ወይም ተማሪ «ጌት» የሚለውን ግስ ባየ ቁጥር «አገኘ» ብሎ ከመቸኮሉ በፊት፣ ከግሱ ቀጥሎ የመጣውን ቃል ይመልከት። እንደ «ጌት ኤ ሌተር» ያለ ስም ከተከተለው ፍችው «ተቀበለ» ወይም «አገኘ» ነው፤ በመደበኛ ጽሑፍም «ሪሲቭ» ወይም «ኦብቴይን» ይተካዋል። እንደ «ጌት ሆም» ቦታ ከተከተለው «ደረሰ» ማለት ሲሆን፣ ተመሳሳዩ «አራይቭ» ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቅጽል ሲከተለው ነው። እዚህ ላይ ቃሉ «ቢካም»ን ተክቶ የሁኔታ ለውጥን ያመለክታል፤ ይሁን እንጂ አማርኛ ለውጡን በራሱ በግሱ ውስጥ ስለሚይዝ፣ «ጌት ታየርድ» «ደከመ»፣ «ጌት ኦልድ» ደግሞ «አረጀ» ተብሎ በአንድ ቃል ሊፈታ ይገባል። «የደከመ ሆነ» የሚለው አተረጓጎም፣ በእኔ እምነት፣ የቋንቋችንን ውበት ይጎዳል። በተመሳሳይ «ጋት ስቶለን» የሚለውን («ጋት» የ«ጌት» ኃላፊ ጊዜ ነው) «ተሰረቀ» ማለት ይበቃል፤ «ተ» የተባለችው መነሻ ቅጥያ ሥራውን ሁሉ ትፈጽማለችና።

አንድ ነገር ለተብራራለት ሰው «አይ ጌት ኢት» ማለት «አገኘሁት» ሳይሆን «ገባኝ» ነው፤ በጽሑፍ «አንደርስታንድ» ይመረጣል። ዐውዱ ካልለየ፣ ዐረፍተ ነገሩን በእነዚህ ተመሳሳዮች እየተኩ ማንበብና ሐሳቡን ሳያዛባ የሚገጥመውን መምረጥ ነው።