ክላስተር ራስ ምታት ከመነሳቱ በፊት ሰውንም ኦክስጅንንም እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ቀኝ ዓይኑ ደም መስሎ ያነባል፣ የቀኙ አፍንጫው ተደፍኗል፣ ዓይኑን በመዳፉ እየተጫነ አልፎ አልፎ በግንባሩ ግድግዳውን ይደቃል። ከእንቅልፏ የነቃችው ሚስቱ "ኧረ ትንሽ ጋደም በል" ትለዋለች። ጋደም ማለት አይችልም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ አመጣጡ ድንገት ይለቀዋል። ጠዋት ቢሮ ሲገባ ምንም ያልነካው ሰው ይመስላል። በማግስቱ ሌሊት፣ በዚያው በ8 ሰዓት፣ ይመለስበታል።

ያ ሰው እኔ ነኝ። የሕመሙን ስም እስካውቅ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። በመሃሉ አንድ ጤነኛ መንጋጋ ጥርሴ ተነቅሏል፣ "ሳይነስ ነው" ተብዬ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ጨርሻለሁ፣ "ምች ነው" ያሉ ጎረቤቶቼም ዳማከሴ ጨምቀው አጠጥተውኛል። ማንንም አልወቅስም፤ ዓይን፣ ጥርስና አፍንጫ አንድ ላይ ሲያም ማንም ይስታል። ከሁሉም የቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ሕመሙ ሲጠፋ እኔም እረሳው ነበር። ሐኪም፣ ኦክስጅን፣ የሚረዳኝ ሰው ማፈላለግ የምጀምረው እንደገና ከተነሳብኝ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ በሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው ስልክ ደውሎ ማስረዳት እንኳ ያቅተዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ሕመሙ ባልኖረበት ወር ያድርጉት።

1. ሕመሙን ለዩት

ክላስተር ማለት ዘለላ እንደ ማለት ነው፤ እንደ ወይን ዘለላ ተያይዞ ይመጣል። ለሳምንታት ወይም ለወራት ይመላለስና ከዚያ ድራሹ ይጠፋል። ይህን የመመላለሻ ጊዜ እዚህ "ዙር" እለዋለሁ። በዙሩ ውስጥ አንዴ ሲነሳ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፤ በሁለት ቀን አንዴም ሊሆን ይችላል፣ በቀን እስከ 8 ጊዜም ሊመላለስ ይችላል። ሕመሙ በአንድ ጎን፣ በዓይን ዙሪያ ወይም በግንባር ጎን ነው። በዚያው ጎን ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፣ አፍንጫ ይደፈናል ወይም ይፈስሳል፣ የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ ግንባር ያልባል።

ከማይግሬን የሚለየው ትልቁ ምልክት የሰውየው ሁኔታ ነው። ማይግሬን የያዘው መጋረጃ ዘግቶ፣ ድምፅ ጠልቶ ይተኛል። ክላስተር የያዘው አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ከሺህ ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል ተብሎ ይገመታል፤ ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል፣ ሴቶችንም ግን ይይዛል። ሴት ስትሆን "ማይግሬን ነው" ተብላ የመመለሷ ዕድል የበለጠ ነው።

ድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ እጅ እግር ያዛለ ወይም ንግግር ያኮላተፈ፣ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የጀመረ ራስ ምታት ግን ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ይህን ጽሑፍ ትተው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

2. ደብተር ያዙ

አምስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ የጀመረበት ሰዓት፣ ያለቀበት ሰዓት፣ ጎኑ፣ ዓይንና አፍንጫ ምን እንደሆኑ፣ ምን እንደረዳ። ዙሩ ከወራት በኋላ ሲያልፍ የሚቀረው ማስረጃ ይህ ብቻ ነው። የአንጎል ሰዓት ጠባቂ ከሚባለው ሃይፖታላመስ ጋር የተያያዘ ሕመም ስለሆነ ብዙዎቻችንን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በየዓመቱም በተመሳሳይ ወር ይመጣብናል። የእኔ ጥቅምት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ውጭ አገር ያሉ ከሆነ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይለውጡት። "ሌሊት 8 ሰዓት" በቀጥታ ተተርጉሞ "ማታ 8" ተብሎ ከተመዘገበ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም መሆኑ ይጠፋል፤ ለሐኪሙ ደግሞ ዋናው ፍንጭ እሱ ነው።

የሚቻል ከሆነ የቤት ሰው ሲነሳብዎ አንድ ደቂቃ በስልክ ይቅረጽዎት። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ለሦስት ሐኪሞች በቃል ማስረዳት ያቃተኝ ነገር በ40 ሴኮንድ ቪዲዮ ገብቷቸዋል።

3. ሐኪም ዘንድ

የሚፈለገው የነርቭ ሐኪም ነው፤ በአካባቢው ከሌለ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጀምሮ ሪፈር ሊጽፍ ይችላል። ተመሳሳይ ሕመም የሚያመጣ ሌላ ችግር አንጎል ውስጥ እንዳይኖር ኤምአርአይ ሊታዘዝ ይችላል። መድኃኒቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የተነሳውን የሚያቆሙና እንዳይነሳ የሚከላከሉ። ከሚከላከሉት ቀዳሚው ቬራፓሚል ነው፤ የልብ ምትን ስለሚነካ ከመጀመሩ በፊትና መጠኑ ሲጨመር የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ይደረጋል። እሱ እስኪሠራ ድረስ ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ይሰጣል። የተነሳውን ለማቆም ከቆዳ ሥር የሚወጋ 6 ሚሊግራም ሱማትሪፕታን አለ፤ በ24 ሰዓት ከሁለት አይበልጥም፣ የልብ ሕመም ያለበት አይወስደውም። ፓራሲታሞልና ዲክሎፈናክ እስኪሠሩ ሕመሙ ራሱ ያልፋል። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ላይ መንጠልጠል ደግሞ ሌላ ችግር መግዛት ነው፤ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉ እህቶቻችን በተለይ፣ ኤምሬትስን በመሰሉ አገሮች ትራማዶል ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ ያለ ማዘዣ በሻንጣ መገኘቱ ለእስር ሊዳርግ ይችላል።

አሜሪካ ላላችሁ፦ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ አባቱ ሕመም እንዲያስተረጉም አይደረግም።

4. ኦክስጅኑ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ንጹሕ ኦክስጅንን በደቂቃ 12 ሊትር አድርጎ ከተራ አየር ጋር አወዳደረ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ኦክስጅን ከተሰጠባቸው መነሳቶች 78 በመቶው ሙሉ በሙሉ ወይም በበቂ ሁኔታ ጋብ አሉ፤ በተራ አየር 20 በመቶ ብቻ። ርካሽ ነው፣ ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይደገማል። ግን በትክክል ካልተሰጠ አይሠራም።

ድንገተኛ ክፍል የገጠመኝ ይህ ነው። ነርሷ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን (ሳቹሬሽን) የሚለካውን መሣሪያ ጣቴ ላይ ሰካችና "ሳቹሬሽንህ 95 ነው፣ ኦክስጅን አያስፈልግህም" አለችኝ። ስለምናት በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 3 ሊትር ከፈተችልኝ። ምንም አልረዳም፤ ሊረዳም አይችልም። እዚህ ኦክስጅን የሚሰጠው እጥረት ለመሙላት አይደለም፣ ሕመሙን ለማቆም ነው። ስለዚህ ደህና በሆኑበት ወር ሐኪምዎን አንድ ወረቀት ያጽፉ፦ "ክላስተር ራስ ምታት። ንጹሕ ኦክስጅን፣ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር፣ ከረጢት ባለው ማስክ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ።" ማኅተም ይኑረው። እኔ ላሚኔት አስደርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ቤት ውስጥ ለማስቀመጥ ከቻሉ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ መነሳት፣ 12 ሊትር በ15 ደቂቃ ሲባዛ፣ 180 ሊትር ይፈጃል። በ150 ባር የተሞላ 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 1500 ሊትር ገደማ ጋዝ አለው፤ ስለዚህ ለ8 ጊዜ ያህል ይበቃል። 40 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ከ30 ጊዜ በላይ ያደርሳል። ከግድግዳ መብራት የሚሠራው፣ ኦክስጅንን ከአየር የሚያጣራው ማሽን (ኮንሰንትሬተር) ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 10 ሊትር ብቻ ስለሚሰጥ ለዚህ ሕመም አይበቃም፤ ከመግዛትዎ በፊት ይወቁት። የብየዳ ቤት ሲሊንደርም አይዋሱ፤ ለሕክምና የተሞላውን ይግዙ። እንግሊዝ ያላችሁ ሐኪሙ የቤት ኦክስጅን ማዘዣ ቅጽ እንዲሞላ ይጠይቁ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግን ያለ ሐኪም ምክር አይሞክረው።

አወሳሰዱ፦ ገና ከዓይን ጀርባ ትንሽ መጠዝጠዝ ሲጀምር ይጀምሩ፣ እስኪበረታ አይጠብቁ። ቁጭ ብለው ወደ ፊት ያዘንብሉ። ማስኩ ፊት ላይ ገጥሞ ይቀመጥ፣ ከረጢቱ ተነፍቶ ይቆይ፤ ከተሟሸሸ ፍሰቱ አንሷል ማለት ነው። በጥልቀት ይተንፍሱ።

አደጋው እሳት ነው። ኦክስጅን በተከፈተበት ክፍል የቡና ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ ሲጋራ አይኑር። ቅባት ወይም ቅቤ የነካው እጅ የሲሊንደሩን አፍና መቆጣጠሪያውን እንዳይነካ፤ ቅባትና የታመቀ ኦክስጅን ሲገናኙ ይቀጣጠላሉ። እናቴ ራሷን ቅቤ ተቀብታ ልትከፍትልኝ ስትሮጥ የጮኽኩባት ለዚህ ነው፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሲሊንደሩ ቆሞ ከግድግዳ ጋር ይታሰር።

5. ሰው ማግኘት

ሦስት ዓይነት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

የመጀመሪያው አብሮ የሚኖረው ነው። ለእሱ ወይም ለእሷ ሥራ ይስጧት፤ ሥራ የሌለው ሰው ያለቅሳል ወይም ይጸልይልዎታል፣ ሁለቱም ደግ ነው፣ ማስኩን ግን አያቀብልም። እኛ ቤት ስምምነቱ ይህ ነው፦ ባለቤቴ ኦክስጅኑን ትከፍታለች፣ ሰዓት ትይዛለች፣ አታናግረኝም፣ አትነካኝም። "ምን ላድርግልህ?" የሚለው ጥያቄ ቀርቷል፤ መልሱ በጥቅምት ሳይሆን በነሐሴ ተሰጥቷል።

ሁለተኛው በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚገኝ ሰው ነው። እዚህ ላይ መበተናችን ለአንዴ ጠቅሞናል። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ምሽት ነው፤ በክረምታቸው 12 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት። በተቃራኒው ቨርጂኒያ ውስጥ በሌሊት የሚነሳበት ሰው አዲስ አበባ ያለችው እህቱ የጠዋት ቡና እያፈላች ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ናት። "ተነሳ" ብዬ አንድ ቃል እልክላታለሁ፤ ትደውላለች፣ እኔ አልናገርም፣ እሷም ወሬ አታወራም። እራት ስትሠራ የሳህኑን ኳኳታ እሰማለሁ።

ሦስተኛው ራሱ ሕመሙ ያለበት ሰው ነው፤ ለማግኘት ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። የነርቭ ሐኪምዎን "ሌላ ታካሚዎ ከፈቀደ ስልኬን ይስጡልኝ" ይበሉት፤ የሰውየውን ቁጥር አይጠይቁ፣ የእርስዎን ይተዉ። እኔ በዚህ መንገድ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አግኝቻለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንገናኝ "አንተም ግድግዳ ትመታለህ?" ነው ያለኝ፣ ከሰላምታ በፊት። እንግሊዝኛ ለሚችል በእንግሊዝ አገር አውች የሚባለው የታካሚዎች ማኅበር፣ በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው ክላስተርባስተርስ አሉ። ሕመሙ ካልያዘው ሰው ጋር "በጣም ያማል" ብሎ ማስረዳት ግማሽ ጉልበት ይጨርሳል፤ እዚያ ማስረዳት የለም።

ታማሚ ከታማሚ ሲመካከር ግን ማጣሪያ ይኑርዎ። ማስክ እንዴት እንደሚገጥም፣ በዙሩ ወቅት ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ አረቄ ሁሉ ሕመሙን ሊቀሰቅስ እንደሚችል፣ ለአለቃ እንዴት እንደሚነገር፣ ይህን ከጓደኛ ይውሰዱ። የመድኃኒት መጠን ግን አይዋሱ፤ ለእሱ የሚስማማው ቬራፓሚል የእርስዎን ልብ ሊያዘገይ ይችላል። በውጭዎቹ ማኅበራት ቅዠት ስለሚያመጡ አንዳንድ እንጉዳዮች ሲወራ ይሰማሉ። ምርምር እየተደረገበት ነው፣ በአብዛኛው አገር ግን በሕግ የተከለከለ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቅጣቱ ከባድ ነው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ቬራፓሚሉን ግን በራሱ አያቋርጥ።

አንድ ነገር ሳይደባበስ ይነገር። ይህ ሕመም ሰውን "ብሞት ይሻላል" እስከ ማለት ያደርሳል፤ እኔም ብያለሁ። ሦስቱም ሰዎችዎ ይህን አስቀድመው ይወቁ፣ ያን ቃል ሲሰሙም ብቻዎን እንዳይተዉዎት ይስማሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ መኖር ያስጠላውን ሰው ወደሚያናግሩ መስመሮች ደግሞ አሜሪካ 988፣ እንግሊዝ 116 123 ይደወላል።

6. ዙሩ ሊደርስ ሲል

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲሊንደሩን አስሞላለሁ። ማስኩን አጥቤ የላስቲኩን ገመድ እስቤ አያለሁ፤ አንዴ በሌሊት ተበጥሶብኛል። ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ ቬራፓሚሉን መቼ እንደምንጀምር እንነጋገራለን፣ ኢሲጂ እነሳለሁ። ሾፌሩ ጋ እደውላለሁ፤ የእሱ ዙር ሚያዝያ ስለሆነ በጥቅምት እሱ ደህና ነው፣ በሚያዝያ እኔ። ለአክስቴ ልጅም አንድ መልእክት እልካለሁ፦ "ወሩ ቀርቧል፣ ስልክሽን ሳይለንት አታድርጊው።" ዘንድሮ "ድስቱ ተጥዷል፣ ና" ብላ መለሰችልኝ።