የከተማችሁን የሬዲዮ ታሪክ ለመሰብሰብ፦ ከጣቢያው በፊት አድማጩን

የከተማችሁን የሬዲዮ ታሪክ ልትጽፉ ካሰባችሁ ከጣቢያው አትጀምሩ። ጎጃም ውስጥ ሬዲዮ ሲደመጥ የኖረው እዚህ ደብረ ማርቆስ ጣቢያ ከመቆሙ ብዙ ዘመን በፊት ነው። የአሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) መነሻ የሆነው በኩር ጋዜጣ የጀመረው በ1987 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9ም የደብረ ማርቆሱ ኤፍ ኤምም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የእነሱ ታሪክ በአሚኮ መዝገብ ይገኛል። ከዚያ በፊት ማርቆስ ላይ ማን ምን ይሰማ እንደነበር ያለው ግን በሰው ትዝታና በካሴት ላይ ነው። ሁለቱም በየዓመቱ እየቀነሱ ናቸው።

መጀመሪያ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኞችን ፈልጉ። አባቴ ጠጋኝ ስለነበር አውቃለሁ፤ ጠጋኝ የማን ቤት ናሽናል፣ የማን ቤት ፊሊፕስ እንደነበረ አይረሳም። እሱ በሰጣችሁ ስም ወደየቤቱ ሂዱ። ቡና ሲፈላ መድረስ ጥሩ ነው፤ ጎረቤትም ይሰበሰባል፣ አንዱ የሌላውን ያስታውሳል።

ስትጠይቁ «ሬዲዮ መቼ ገባ?» አትበሉ። እንዲህ ከተጠየቀ ሰው ትምህርት ቤት የሰማውን ይነግራችኋል። ስለ ዕቃው ጠይቁ። «እትዬ፣ ሬዲዮኑ የት ነበር የሚቀመጠው? ዳንቴል ነበረው? ማን ነው የሚከፍተው? ድንጋዩ ሲያልቅስ?» ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ያሰጡ እንደነበር ሲነግሯችሁ ሌላው ተከትሎ ይመጣል፤ የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ፣ ደጅ ተሰብስቦ የሚሰማው ጎረቤት፣ ባሏ እስኪመጣ ተደብቃ ዘፈን የምትሰማው ሙሽራ።

ዓመተ ምሕረት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በድርጊት አስታውሱት። ጎጃም በግብር የተነሳበት 1960፣ ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 1967፣ ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ያሸነፈበት 1972። ግንቦት 1983 የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም መውጣት በሬዲዮ ሲነገር ደግሞ ሠራዊቱ ጎጃምን ከለቀቀ ወራት አልፈው ነበር። ስለዚህ ያን ዜና ማርቆስ ላይ የሰማ ሰው የሚያወራው ትዝታ አዲስ አበባ ከሰማው ይለያል። ይህን ልዩነት ጊዜ ሰጥታችሁ አዳምጡት፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ወሬ ይህ ነው።

የሰማችሁትን ከጣቢያዎቹ ዕድሜ ጋር አመሳክሩ። ብሥራተ ወንጌል የሠራው ከ1955 እስከ 1969 ነው። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ የጀመረው በ1957 ነው። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ግን የመጣው በደርግ ዘመን፣ ከንጉሡ መውረድ 8 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አንድ አባት የንጉሡን መውረድ ከአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ ሰማሁ ካሉ አትከራከሯቸው። ያሉትን እንዳለ ጻፉ፣ ከጎኑ የራሳችሁን ማስታወሻ አድርጉ። ሰዓትም ይረዳል፤ ብዙ ሰው ጀርመንን በምሽቱ 1 ሰዓት፣ አሜሪካን በ3 ሰዓት ነው የሚያስታውሰው።

አሁን ወደ ካሴቱ። በየቤቱ ያለው ካሴት ዘፈን ብቻ አይደለም። ከሬዲዮ የተቀዳ አለ። ለዘመድ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ አለ፤ ከጀርባው ሬዲዮ ሲያወራ ይሰማል። አንዳንዴ የደብዳቤው ቀን የሚታወቀው ከዚያ ዜና ነው።

ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት ከላይ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ በስህተት አይቀዳበትም። ክሩ ከላላ በቢክ እስክሪብቶ አጥብቁት። ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት አታጫውቱት፤ የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚነካውንና ድምፁን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሻል፣ ሻጋታው ወደ ሌላውም ይተላለፋል። ለብቻው አስቀምጡት። የቴፑን ሄድ በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ አጠንጥኑት። ከዚያ ከቴፑ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፕ ገመድ አገናኙና ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ቅዱ። ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ ፋይል አስቀምጡ እንጂ ወዲያው ኤምፒ3 አታድርጉት። ዌቭ በስቴሪዮ ለ1 ሰዓት 600 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ባለ 90 ደቂቃው ካሴት በየፊቱ 45 ደቂቃ ነው፤ በመሀል አታቋርጡ። የፋይሉ ስም የባለቤቱን ሰፈር፣ የካሴቱን ቁጥርና ፊቱን ይያዝ። ካሴቱ ላይ በእጅ የተጻፈውንም ፎቶ አንሱ።

ስለ ፈቃድ አደራ። በደርግ ጊዜ የውጭ ጣቢያ ድምፅ ቀንሶ የሰማ ሰው ዛሬም ስሙ እንዲወጣ ላይፈልግ ይችላል። ስሙን ሳትጽፉ ሰፈሩን ብቻ ጻፉ። የድምፅ ደብዳቤ ውስጥ የቤተሰብ ጉዳይ ካለ ያንን ክፍል ለማንም አታሰሙ።

ካሴቱን ለባለቤቱ መልሱ። ቅጂውንም በፍላሽ ስጧቸው። ሌላ ቅጂ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። ስታስረክቡ ከድምፁ ጋር ማን እንደቀዳው፣ የት እንደተቀዳና ምን ፈቃድ እንዳለው የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አያይዙ።