ቀይ ሸረሪት ሲገባ የመድኃኒት ዕፅዋት ራሳቸውን እንዲከላከሉ እንዴት ይታገዛሉ?

ናና በቀይ ሸረሪት፣ ቅጠል ላይ ድር በሚያደራው በዚያ ጥቃቅን ተባይ፣ ይጠቃል ብሎ ማን ያስባል? እኔ አላሰብኩም። ሽታው ራሱ ተባይ ያባርራል እያልኩ አንዴም ቅጠሉን ገልብጬ ሳላይ ወራት አለፉ። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ሲወጣበት “ውሃ ጠምቶት ነው” አልኩ። ድሩን ያየሁት ግማሹ ከደረቀ በኋላ ነው።

ሽታው መከላከያ መሆኑ እውነት ነው። የናና፣ የበሶብላ፣ የጦስኝና የጥብስ ቅጠል ዘይት በቅጠሉ ላይ በተተከሉ ጥቃቅን የዕጢ ፀጉሮች ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲነኩ ይፈነዳሉ። ጤና አዳም ደግሞ ዘይቱን ቅጠሉ ውስጥ ባሉ ከረጢቶች ይይዛል። በጦስኙ ዘይት ውስጥ ያለው ታይሞል የተባለ ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ከደረሰው ቀይ ሸረሪትን ይገድላል። ችግሩ ይህ ተባይ ከ1,000 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶችን ስለሚበላ መርዝ ማርከስ የለመደ ነው። ሽታው ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም።

ሲነከስ ተክሉ ሌላ መከላከያ ያነሳል። ጃስሞኒክ አሲድ የተባለ መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ውስጥ ይበዛል፤ ከዚያ የተባዩን ምግብ መፈጨት የሚያውኩ ፕሮቲኖች ይመረታሉ። ይህ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። ተባዩ ግን ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ ከእንቁላል ተነስቶ አዋቂ ለመሆን አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። የእኛ ድርሻ ተክሉ እስኪዘጋጅ ድረስ ተባዩን ማዳከም ነው።

1. አረጋግጡ። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዛችሁ ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጉት። የወደቀው ብናኝ መራመድ ከጀመረ አገኛችሁት። ቁመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አውጡ ብዬ የምመክረው ለእሱ ብቻ ነው።

2. እጠቡ። ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከሥር ወደ ላይ በኃይል ርጩ፤ ተባዩ ያለው በቅጠሉ ጀርባ ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ ጠዋት ጠዋት። አቧራውም አብሮ ይሂድ፤ አቧራ የበዛበት ደረቅ ቅጠል ለተባዩ ምቹ ነው። ድር የሸፈነውን ቅርንጫፍ ቁረጡና በከረጢት አስራችሁ ጣሉት።

3. ማዳበሪያውን አቁሙ። የተጎዳ ተክል ሲያዩ ዩሪያ መስጠት ብዙዎቻችን የምንሠራው ስህተት ነው። ናይትሮጅን የበዛለት ቅጠል ለምለምና ገር ይሆናል፤ ቀይ ሸረሪትም በእሱ ላይ ብዙ እንቁላል ይጥላል። የሚያስፈልገው የተስተካከለ ውሃና በቂ ፀሐይ ነው። ናናና በሶብላ አይጠሙ። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ግን ሥራቸው ውሃ ሲቋጥር አይወዱም።

4. ቀዩን አትግደሉ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። ተክሉ ሲበላ የተለየ ሽታ ወደ አየር ይለቃል፤ ቀይ ሸረሪት የሚበሉ አዳኝ ማይቶች (የሸረሪት ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታት) ይህን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። በጣም የታወቀው ፊቶሴይሉስ ፐርሲሚሊስ ነው። ታዲያ አንድ ቀን በመነጽር ሳይ ቀያይ ነገሮች ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣሉ። “ይኸው ቀይ ሸረሪቱ!” ብዬ ፀረ ተባይ ረጨሁ። ቀያዮቹ አለቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ድሩ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። የገደልኩት ጠባቂዎቹን ነበር።

ስሙ ነው ያሳሳተኝ። በብዛት የሚያጠቃው ዓይነት ተክሉን እየበላ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ አይደለም፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ በግራና በቀኝ ጎኑ አንዳንድ ጥቁር ነጥብ አለው፤ አካሄዱም ዘገምተኛ ነው። አዳኙ ብርቱካንማ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው፣ ፈጣን ነው። እንቁላላቸውም ይለያያል፦ የተባዩ ክብና ትንሽ፣ የአዳኙ ሞላላና ወደ እጥፍ የሚጠጋ። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ ፍጥነቱን እዩ። የሚሮጠውን ካያችሁ ማጠቡንም ቀነስ አድርጉና ለጥቂት ቀናት ተዉት። በቀን ከአምስት ያላነሱ አዋቂዎች ሊበላ ይችላል፤ አየሩ በጣም ከደረቀ ግን ይዳከማል።

ፀረ ተባዩ ሌላም ጉድ አለው። ቀይ ሸረሪት መድኃኒት በመልመድ የታወቀ ነው፤ አዳኞቹ ሲያልቁ እሱ ይተርፋል። ለሻይ የምትቀጥፉት ቅጠል ላይ መርዝ መርጨትም በበኩሌ ከንቱ ሥራ ነው።

5. ሳሙና፣ አዳኝ ከሌለ ብቻ። በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ለዕፅዋት የተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና። የልብስ ዱቄት ሳሙና የቅጠሉን ሰም ይገፈዋል፤ ሰሙም መከላከያው ነው። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና ሁለት ቀን ጠብቁ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ፣ እንቁላሉም አብዛኛው ስለሚተርፍ፣ በየአምስት እስከ ሰባት ቀኑ ሦስት ጊዜ ድገሙት። በጠራራ ፀሐይ አትርጩ። የጥብስ ቅጠል ዘይት ገዝቶ በግምት በውሃ መበጥበጥን ሞክሬዋለሁ፤ በሶብላዬን አቃጠለው።

አንዴ የነጣ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ ስለዚህ መዳኑን በአሮጌው ቅጠል አትለኩ። ከጫፍ የሚወጣውን አዲሱን ቅጠል በየሳምንቱ ገልብጡት። ንጹሕ ሆኖ ሲቀጥል መቅጠፍ ትችላላችሁ፤ ያኔም በውሃ አጥባችሁ።