ሠርግ በተራራ ከተማ፦ እንግዶችን የት፣ መቼና እንዴት እናስጎብኝ?

ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ የሚደግስ ሰው ለእንግዶቹ የሚታይ ነገር አያጣም። ፏፏቴ አለ፣ ሸለቆውን ቁልቁል የሚያሳይ አፋፍ አለ፣ የቆየ የጸሎት ቤት ወይም ትንሽ ሙዚየም አይጠፋም። የሚያንሰው ሰዓትና ትንፋሽ ነው። ትናንት ማታ ከቆላ የገባ እድምተኛ ዛሬ ጠዋት ዳገት ሲወጣ ልቡ ይደልቃል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሱፉን ለብሶ ወንበሩ ላይ መገኘት አለበት። ስለዚህ የጉብኝቱ ዕቅድ ከቦታዎች ዝርዝር አይጀምርም። ከሠርጉ ሰዓት ይጀምርና ወደ ኋላ ይቆጠራል።

ወደ ኋላ ቁጠሩ

ሥነ ሥርዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው እንበል። እንግዳው 8፡30 ላይ ቦታውን መያዝ አለበት። ለመታጠብና ለመልበስ 2 ሰዓት ስጡት፤ አንድ መታጠቢያ ቤት ለአራት ሰው በሆነበት ማረፊያ ይህ አይበዛም። ስለዚህ 6፡30 ላይ ክፍሉ ይግባ። ለመንገድ እክል 45 ደቂቃ ስትቀንሱ 5፡45 ይሆናል። ቦታው የግማሽ ሰዓት መንገድ ከሆነ መኪናው 5፡15 ላይ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የተነሳ ቡድን 2፡30 ደርሶ እስከ 5፡15 ድረስ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቆያል። ከመኪና ለመውረድና ለመሳፈር፣ ለመጸዳጃና ለቡድን ፎቶ ግማሽ ሰዓት ሲነሳለት የሚተርፈው 2 ሰዓት ከሩብ ነው። በሠርጉ ቀን ከዚህ በላይ የሚፈጅ ቦታ ዕቅዱ ውስጥ አይግባ።

መጸዳጃውን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። 30 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት ፊት ቢሰለፍና ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ብትይዙ፣ የመጨረሻው ሰው ተራው የሚደርሰው ከ87 ደቂቃ በኋላ ነው። ከማረፊያው ሳይወጡ እንዲጠቀሙ መንገር ወይም ቡድኑን ከፍሎ በተለያየ ሰዓት መላክ ይሻላል። ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው በገደል ወይም በዝናብ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

የእግር መንገድ ሲሆን ኪሎ ሜትር ብቻውን ያሳስታል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ሌላ 1 ሰዓት። 6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር ሽቅብ ያለው መንገድ 72 ደቂቃና 30 ደቂቃ፣ በድምሩ 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይወስዳል። ይህ ግን ሳያርፍ የሚሄድ የብርቱ ሰው ሰዓት ነው። ልጆችና አዛውንት ላሉበት፣ በየመታጠፊያው ፎቶ ለሚያነሳ ቡድን ግማሹን ጨምሩበት፤ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቅድም ካተረፍነው 2 ሰዓት ከሩብ በለጠ፤ እንግዲያው ይህ መንገድ ለሠርጉ ማግሥት ይቆይ።

ከፍታው

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢሆን 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚለወጠው ግፊቱ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያስገባው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲያድሩ አንዳንድ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ያገኛቸዋል። ሠርግ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፦ ምልክቱ ከመጠጥ ማግሥት ስሜት ጋር ስለሚመሳሰል ሁሉም ይስቅና ያልፈዋል። ደንቡ ቀላል ነው። ራሱን የሚያመው ሰው ራስ ምታቱ እስኪለቀው ድረስ ከዚያ ከፍታ በላይ አይውጣ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይሻለዋል። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ነገር ከተምታታበት ወይም እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ዝቅ ወዳለ ቦታ ይውረድ፣ ሐኪምም ይየው።

የቦታዎቹ ቅደም ተከተልም ከዚህ ይወጣል። በገቡበት ቀን ሜዳ ሜዳውን በከተማዋ መዘዋወርና ሙዚየሙን ማየት፤ በሁለተኛው ቀን ከከተማዋ ብዙም የማይርቅ ፏፏቴ ወይም የቆየ ሕንፃ፤ ከፍተኛው አፋፍ መጨረሻ ላይ። እንግዶች የሚለምኑት የተገላቢጦሹን ነው፤ አትስሟቸው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ከጉዞው በፊት ሐኪም እንዲያማክሩ የከተማዋን ከፍታ በሜትር ጥሪው ላይ ጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መጠጥ እንዲቀንሱ መምከርም ያስፈልጋል። ለሠርግ የመጣ ሰው ምን ያህል እንደሚሰማ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፀሐይዋም ታታልላለች። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ሰው ሲቃጠል አይሰማውም። የቆዳው መቅላት የሚብሰው በማግሥቱ ገደማ ነው። ስለዚህ ሚዜዎች በሠርጉ ዋዜማ ቀኑን ሙሉ ገላጣ ላይ ከዋሉ፣ የልብሳቸው ማንገቻ ምልክት ከነቅላቱ የሠርጉ ፎቶ ላይ ይወጣል። የዋዜማው ጉብኝት አጭርና ጥላ ያለበት ይሁን። አዲስ ጫማ ተጫምቶ ዳገት መውጣትም በዚያ ቀን ይከልከል፤ ተረከዙ ውኃ የቋጠረ ሚዜ በማግሥቱ አይጨፍርም።

እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ

ካላያችሁት ቦታ ጋር እንግዳ አታገናኙ። ሠርጉ በሚውልበት የሳምንት ቀንና እንግዶች በሚሄዱበት ሰዓት፣ አንድ አዛውንትና አንድ ሕፃን ይዛችሁ ሂዱ። ሙዚየሙ በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋ ይሆናል፤ ኬብል ካር (በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያመላልስ) ካለ ንፋስ ሲበረታ ይቆማል፤ የጸሎት ቤቱ ጸሎት ላይ ከሆነ ጎብኚ አያስገባም፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስም ሊጠይቅ ይችላል። ደረጃዎቹን ቁጠሩ። «ትንሽ ደረጃ አለው» የሚባለው 140 ሲሆን ብዙ ያጋጥማል። ለዊልቸር መንገዱ ለ1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል፤ ኮብልስቶን ከሆነ የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ይያዛሉ፣ ስለዚህ የሚያግዝ ሰው መድቡ። የመንገዱን ሁኔታ ካያችሁ በኋላ ለዊልቸር የማይሆን ከሆነ በግልጽ ጻፉት፤ ደርሶ መኪና ውስጥ ከመጠበቅ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

አውቶቡስ ካሰባችሁ መዞሪያውን ለኩ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው አውቶቡስ ሙሉ ዙር ለመዞር 25 ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል፤ ያ ከሌለ ጠባብ መንገድ ላይ ገደሉን እያየ ወደ ኋላ ይነዳል። ሁለት ወይም ሦስት ሚኒባስ ይመረጣል። አንዱ ቢበላሽም ሌላው ይመለሳል። በረጅም ቁልቁለት ሹፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፣ ከመጠን ያለፈ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ አቁሞ ማቀዝቀዝ ነው። መንገድ የሚያጥወለውላቸው ሰዎች ፊት ተቀምጠው አሻግረው ይመልከቱ፣ ስልክ አይዩ፤ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመነሳታቸው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጡት። አንዳንዱ መድኃኒት እንቅልፍ ስለሚያመጣ በሠርጉ ጠዋት አይመከርም።

ሰማዩ

አፋፍ በጠዋት ይታያል። ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ደመና ይቋጠራል፤ በብዙ ተራራማ አገር ነጎድጓዱ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ የሆነው ለዚህ ነው። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ ከ30 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ከአፋፉ ውረዱና ወደ ሕንፃ ወይም መስኮቱ ወደተዘጋ መኪና ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ብቻውን የቆመ ዛፍ መጠለያ አይደለም። የሠርጉ ድንኳንም ከመብረቅ አያስጥልም፣ ይህን ለድግስ አስተባባሪው ጭምር ንገሩ።

ፏፏቴ አጠገብ የረጠበ ድንጋይ አረንጓዴ ሆኖ ከታየ ያዳልጣል። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ በላያችሁ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ቢሆንም ላይኛው አገር ዘንቧል፤ ሳትወያዩ ከወንዙ ራቁ።

ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚወርድ ከተማዋ 20 ዲግሪ ስትሆን 800 ሜትር ከፍ ያለው አፋፍ 15 ገደማ ነው፣ ንፋሱ ሳይቆጠር። ለሙሽሮቹ ፎቶ የቀረውን ብርሃን ለመገመት ክንዳችሁን ዘርጉና በፀሐይዋና በተራራው ጫፍ መካከል ጣቶቻችሁን አግድም ደርድሩ፤ አንድ ጣት 15 ደቂቃ ያህል ነው። ስልክ ላይ የሚታየው የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት ለሜዳ የተሰላ ነው፤ ሸለቆ ውስጥ ጥላው ቀድሞ ይመጣል።

ካርዱ

ይህን ሁሉ ለእንግዳ አታንብቡለት። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት መስመር የያዘ አንድ ገጽ በወረቀት አትሙ፤ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ የቴሌግራም መልእክት አይደርስም። መስመሮቹ እንዲህ ይሁኑ፦

ፏፏቴው። በመኪና 25 ደቂቃ፣ ከዚያ በእግር 15 ደቂቃ፣ 140 ደረጃ። መጸዳጃ የለም። ጫማ የማያዳልጥ፣ ሹራብ፣ ውኃ።

ከቦታዎቹ በታች የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የሹፌሩና የአንድ አስተባባሪ ስልክ ይቀመጥ። አስተባባሪው ሙሽራ ወይም የሙሽሮች እናት አይሁን፤ በዚያ ቀን ስልክ አያነሱም። ከሌላ አገር የሚመጡ ካሉ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ «3 ሰዓት» ለአንዱ ጠዋት ነው፣ ለሌላው ሙሽሮቹ የሚገቡበት ሰዓት። ካርዱ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይድረሳቸው። የማረፊያው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ካስቀመጣችሁት ሹራብ ያልያዘ ሰው ሹራብ ፍለጋ ይዞራል፣ ነገሩም ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሆናል።

በጉዞው ላይ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይሂድ። የኋለኛው ማንንም ቀድሞ አይሳፈር። ሲወርዱ የተቆጠረው ቁጥር ሲሳፈሩ ካልሞላ መኪናው አይንቀሳቀስም። አርፍዶ ለሚመጣ ዘመድ መጠበቂያው 10 ደቂቃ መሆኑን ደግሞ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ለሁሉም አስታውቁ።