ጭን ላይ የተቀመጠው ክፉ፦ ስለ ተናጋሪ አሻንጉሊት አስፈሪ የልጆች ታሪክ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእኅቴ ልጅ 9 ዓመቷ ነው። አንድ ማታ እየተረጎምኩ ሳነብላት መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና ዘጋችው። «የተሳደበው አሻንጉሊቱ ነው፤ ለምን እሷን ይቆጧታል?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እስከዚያ ገጽ ድረስ የሞተ የለም፤ የቆሰለም የለም። ያስፈራት እንጨት መናገሩ አልነበረም። እንጨቱ የተናገረው በልጅቷ መላከኩ ነው።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ደራሲ አር ኤል ስታይን «ጉስበምፕስ» በሚል ስም ለልጆች ከጻፋቸው ተከታታይ መጻሕፍት 7ኛው ነው። የታተመው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ስላፒ የሚባለው ዝነኛ ክፉ አሻንጉሊት መጀመሪያ የታየው እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ በአማርኛ የሚሞክሩ ወዳጆች አሉኝ። ረቂቃቸውን ያስነብቡኛል። እኔም እሞክራለሁ። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ስለሆነ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ልጻፈው ብዬ ነው።

ልጁ ነገሩን ያውቀዋል ብሎ መጀመር

ቬንትሪሎኪስት ማለት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ እየተናገረ፣ ድምፁ ጭኑ ላይ ካስቀመጠው አሻንጉሊት የወጣ የሚያስመስል ሰው ነው። በአሜሪካ ይህ የቆየ መዝናኛ ነው። ኤድጋር በርገን የተባለው ባለሙያ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቻርሊ ማካርቲ ከሚባለው አሻንጉሊቱ ጋር በሬዲዮ ሳይቀር ዝነኛ ነበር። የስታይን አንባቢ ነገሩን ከቤተሰቡ ሰምቶት ያድጋል።

የእኛ ልጅ ግን አሻንጉሊት ሲናገር ያየው በቴሌቪዥን ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያለችውን ቀጭኔ ያውቃታል። እዚያ ላይ የሚያንቀሳቅሳት ሰው አይታይም። ፀሐይ ብቻዋን ናት። እዚህ ግን ሰውየውም አሻንጉሊቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። አንዱ ጌታ ነው፤ ሌላው ዕቃ። ታሪኩ የሚበላሸው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ደህና ትርኢት አሳዩ። ልጁ ይሳቅ። እጅ ከጀርባ እንደሚገባ፣ ጭንቅላቱ በዘንግ እንደሚዞር፣ አገጩ በጣት እንደሚንቀሳቀስ በዓይኑ ይየው። ይህን ያወቀ ልጅ፣ እጁ ከወጣ በኋላ አገጩ ሲንቀሳቀስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረውም።

በመጀመሪያው ገጽ ነፍስ መዝራት

ብዙ ረቂቆች ላይ አሻንጉሊቱ ገና ከሣጥን ሲወጣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ምን ይቀረዋል? መሯሯጥ ብቻ።

ስታይን ያደረገውን ተመልከቱ። ሊንዲና ክሪስ መንትያ እኅትማማቾች ናቸው። ሊንዲ ስላፒን ከቆሻሻ ውስጥ ታገኘዋለች። ክሪስ ትቀናለች። አባታቸው ለእሷም ሚስተር ዉድ የሚባል ሌላ አሻንጉሊት ይገዛላታል። ከዚያ ሌሊት ሌሊት መጥፎ ነገር መፈጸም ይጀምራል። ክሪስ ትሸበራለች። በኋላ ግን ሁሉንም ያደረገችው ሊንዲ እንደሆነች፣ ቀልድ እንደነበረ ትናዘዛለች። አንባቢው እፎይ ይላል። እውነተኛው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ዘዴ ሌላም ትልቅ ችግር ይፈታል። ወላጆች ለምን አያምኑም? በየረቂቁ እናትና አባት ያለ ምክንያት ደንቆሮ ይሆናሉ። እዚህ ግን ምክንያት አላቸው፤ ልጆቹ አንዴ ቀልደዋል። በእኛ ቤት ደግሞ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል አባባል አለ። ልጅ የነገረንን ነገር ከመስማታችን በፊት እንመዝነዋለን። ይህን በደንብ የጻፈ ሰው ወላጆቹን ሞኝ ማድረግ አያስፈልገውም።

ቢላዋ ማስያዝ

አጭር ነው መልሴ። ተዉት። ደም ሲመጣ ታሪኩ የአዋቂ ይሆናል፤ አሻንጉሊቱም ማንኛውም ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ስታይን ልጆች የሚያነቡት ምናብ መሆኑን ማወቅ አለባቸው ሲል በተደጋጋሚ ተናግሯል። የዚህ ክፉ መሣሪያ ምላሱ ነው።

«እርስዎ»ን መርሳት

ምላሱ ነው ካልን ታዲያ በአማርኛ ምን ይናገር? እኔ ከሁሉም በላይ የምቆጨው እዚህ ላይ ነው። ቋንቋችን ለዚህ ታሪክ የተሠራ ይመስል የሰጠንን ነገር አንጠቀምበትም።

በመጽሐፉ ውስጥ ሚስተር ዉድ ክሪስ ጭን ላይ ተቀምጦ ሽማግሌ ጎረቤቶቿን ይዘልፋል። ኋላም በትምህርት ቤት ትርኢት ላይ፣ ሕዝብ ፊት፣ የሙዚቃ መምህርቷን በውፍረቷ ይሰድባታል። በእንግሊዝኛ ይህን ለማድረግ ረጅም ስድብ ያስፈልጋል። በአማርኛ አንዲት ቃል ትበቃለች።

እስቲ አስቡት። አያት ለበዓል መጥተዋል። ቡና ተፈልቷል። ዘመድ ተሰብስቧል። ልጅቷ አሻንጉሊቷን ይዛ መሃል ላይ ትቀመጣለች። «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ» ይላል አሻንጉሊቱ። ሁሉም ይስቃል፤ ያጨበጭባል። ከዚያ አሻንጉሊቱ ቀስ ብሎ ጭንቅላቱን ያዞርና «አንቺ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?» ይላል።

ስድብ የለም። ጩኸት የለም። ክፍሉ ግን ጸጥ ይላል። እናት ልጇን ታያታለች እንጂ አሻንጉሊቱን አታይም። አያት ሲኒያቸውን ያስቀምጣሉ። ልጅቷ «እኔ አይደለሁም» ብትል ማን ይሰማታል? ድምፁ የእሷ ነው፤ ትርኢቱ የእሷ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ልጅ ይህን ሲያነብ ሆዱ ይንቦጫቦጫል። ለትልቅ ሰው «አንቺ» ማለት ምን እንደሚያስከትል ያውቃላ።

ስለዚህ ረቂቃችሁን ስታርሙ አሻንጉሊቱ ማንን «አንተ»፣ ማንን «እርስዎ» እንደሚል ገጽ በገጽ ተከታተሉ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የሚወርድባት ቅጽበት የታሪኩ ማጠፊያ ናት። ሦስተኛው ገጽ ላይ አታባክኗት።

ስድቡን ቃል በቃል መተርጎም

እነዚህ አሻንጉሊቶች የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ እንዲያገለግላቸው። ስላፒ በየመጽሐፉ ልጆችን የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ቃል «ባሪያ» የሚል ፍቺ አለው። ለእኅቴ ልጅ እየተረጎምኩ ስሄድ እዚህ ቃል ላይ ደረስኩና ምላሴ ተያዘ።

ይህ ቃል በእኛ አገር ምናባዊ አይደለም። ሰዎች በመልካቸውና በዘራቸው የተዋረዱበት፣ ዛሬም የሚዋረዱበት ስድብ ነው። የልጅ መጽሐፍ ውስጥ አስቂኝ ክፉ ሲደጋግመው ልጁ ትምህርት ቤት ይዞት ይሄዳል። ጉዳቱ የሚያርፈው አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ ላይ ነው። እኔ «አሽከሬ» አልኩት። «ሎሌዬ»ም ይሆናል። የድሮ ጌታ ጌታ ይሸታል፤ ትዕቢቱ ሳይቀንስ መርዙ ይጠፋል። እንዲያውም ትንሽ እንጨት «ና አንተ አሽከሬ፣ ጫማዬን ፍታ» ሲል ይበልጥ ያስፈራል ብዬ አምናለሁ።

ከንፈርን መርሳት

የሙያውን ምስጢር ያላወቀ ጸሐፊ አሻንጉሊቱን የፈለገውን ያናግረዋል። ሙያው ግን ሕግ አለው። ከንፈር የሚያስገጥሙ ድምፆች የባለሙያው ጠላት ናቸው። በፊደላችን መ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ ከንፈር ካልተገናኘ አይወጡም። ወ ከንፈር ያሞጠሙጣል። ፈ የታችኛውን ከንፈር ከላይኛው ጥርስ ጋር ያገናኛል።

ባለሙያዎቹ በምላስ ያታልላሉ። በ«መ» ፈንታ «ነ»፣ በ«በ» ፈንታ «ደ»፣ በ«ፐ» ፈንታ «ተ» ይላሉ። የሰሚው ጆሮ በልማድ ያስተካክለዋል። ዓይንም ያግዛል፤ ድምፅ ስንሰማ የሚንቀሳቀሰውን አፍ ፈልገን ለእሱ እንሰጠዋለን። ፈ ለእኛ ሳትከብድ አትቀርም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የሚተኩባት፣ ምላስ በጥርስ መሃል የምትወጣበት ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለችም።

አሁን ይህን ታሪክ ውስጥ አስገቡት። ልጅቷ መስታወት ፊት ትለማመዳለች። አሻንጉሊቱን «እማዬ በሩን ዝጊ» ልታስብለው ትፈልጋለች። የሚወጣው ግን «እናዬ ደሩን ዝጊ» ነው። ወንድሟ ይስቅባታል። ቤቱ ውስጥ የታወቀ ቀልድ ይሆናል። አንባቢው ልጅም ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ይሞክረዋል፤ ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ። ከዚያ ከአርባ ገጽ በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ድምፅ ይወጣል። «እማዬ በሩን ዝጊ» ይላል። መ አለ። በ አለ። ሁለቱም ጥርት ብለው። ምንም ማብራሪያ አትጨምሩ።

ክታብና ቡዳ ማምጣት

በስታይን መጽሐፍ አሻንጉሊቱን የሚቀሰቅሰው ኪሱ ውስጥ በተገኘ ወረቀት ላይ ያለ፣ የየትም ቋንቋ ያልሆነ ትርጉም የለሽ ቃል ነው። ክሪስ ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ አለቀ። በእኛ ረቂቆች ግን ወዲያው ክታብ፣ ድግምት፣ መተት ይገባል።

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ ብዙ ልጅ እነዚህን ነገሮች እውነት ናቸው ብሎ ነው የሚያድገው። መጽሐፉን ሲዘጋ ፍርሃቱ አይዘጋለትም። ሁለተኛውና የሚብሰው አሻንጉሊቱን የሠራው ሰው ነገር ነው። ክፉው የመጣው ከቀራጩ እጅ ነው ስንል፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» ብሎ ሲያገል የኖረውን አሮጌ ሐሜት ሳናውቀው እየደገምን ነው። በእጃቸው ሙያ ብቻ የተገለሉ ሰዎች ልጆችም ይህን መጽሐፍ ያነቡታል። ትርጉም የለሽ ቃል ፍጠሩ። ልጆች እንዲህ ያለውን ቃል ሲሸመድዱት ደስ ይላቸዋል።

አሳዛኝ ልጅነት መስጠት

አሻንጉሊቱ ክፉ የሆነው ማንም ስላልወደደው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለቅሳል፤ ይታቀፋል። ይህን አልወደውም። ስታይን ልጅ ሳለ እናቱ ስለ እንጨቱ ልጅ ፒኖኪዮ የሚተርከውን የጣሊያኑን መጽሐፍ ታነብለት እንደነበር ተናግሯል። ደራሲው ካርሎ ኮሎዲ መጀመሪያ በጻፈው መጽሐፍ ፒኖኪዮ የሚመክረውን ፌንጣ በመዶሻ ይገድለዋል፤ እሳት አጠገብ ተኝቶ ደግሞ እግሩ ይቃጠላል። ልጆች እንጨት ጨካኝ ሲሆን መሸከም ይችላሉ።

ጫፉን በምክር መቋጨት

አሻንጉሊቱ ተቃጠለ፤ ልጆቹም ከዚያ ወዲህ የወላጅ ምክር ሰሙ። እንዲህ የሚያልቅ ረቂቅ ሳነብ አዝናለሁ፤ እስከዚያ የተገነባው ሁሉ ይፈርሳልና።

በመጽሐፉ መጨረሻ ሚስተር ዉድ በመንገድ መዳመጫ ማሽን ሥር ገብቶ ይደቅቃል። ልጆቹ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ስላፒ አፉን ከፍቶ ያናግራቸዋል። ስላፒ ከየትም አልመጣም። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ቤት ውስጥ ነበር። እኛ ሌላውን ስንጠብቅ ዘንግተነዋል።

የእኅቴ ልጅ እዚህ ስትደርስ አልጮኸችም። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች። በየምዕራፉ ስላፒ የት ተቀምጦ እንደነበር በጣቷ እየፈለገች ነበር።