የድሮ የገጠር ቤት ከነግጦሹና ከነደኑ ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንዲህ ያለ ንብረት ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የሚሸጠው ሦስት ነገር ነው፤ ቤቱ፣ ሣር መሬቱና ደኑ። ገዢውም ለየአንዳንዱ የየራሱን ስጋት ይዞ ይመጣል። ቤቱ እርጥበት ይዞት ይሆን? መሬቱ ላይ መብት አለኝ የሚል ሰው ይነሣ ይሆን? ደኑ ሀብት ነው ወይስ ዕዳ? አብዛኛው ሻጭ ግን ያለ የሌለ አቅሙን የሚያፈሰው ቀለም ላይ ነው። ስለዚህ ከቀለሙ እንጀምር።

ለሽያጭ ተብሎ ግድግዳውን በሲሚንቶ መለሰን

ይህ ነገር ስንት ጊዜ ቢነገር ሰሚ የለውም። ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ቤት፣ ገዢ ሊያየው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግራጫ ሲሚንቶ ይለብስና በላዩ የፕላስቲክ ቀለም ይቀባል። ሻጩ አሳመርኩት ይላል። አላሳመረውም፤ አፍኖታል።

የፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ መብት የተመዘገበው እንግሊዝ አገር በ1824 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገጠር እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ከዚያ በፊት የተሠራ የድንጋይ ግድግዳ የተያያዘው በኖራ ወይም በጭቃ ነው። መሠረቱ ላይ እርጥበት የሚያግድ ንጣፍ የለውም። ከመሬት ትንሽ ውሃ ይስባል፣ ከዝናብም ይጠጣል፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ግን በኖራው በኩል መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ሲለብስ ይህ መውጫ ይደፈናል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ ቤቱ ከወቅቱ ጋር ትንሽ ሲነቃነቅ ይሰነጠቃል፤ የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጣት ግን አይችልም። ያኔ ወደ ውስጥ ይዞራል። የውስጠኛው ልስን ላይ ነጭ ጨው ይወጣል፣ ቀለሙ ያብጣል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የአግዳሚ እንጨት ጫፍ ይርሳል። እንጨት የያዘው እርጥበት ከ20 በመቶ ሲያልፍ ለመበስበስ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ውርጭ ባለበት አገር የታፈነው ውሃ በረዶ ሆኖ የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ የገዢው ባለሙያ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከድንጋዩ ተላቅቋል። ከዚያ የእርጥበት መለኪያውን ሁለት መርፌዎች አግዳሚው ግድግዳ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ይሰካል። 14 ካነበበ ዝም ብሎ ያልፋል። 24 ካነበበ ግን ቁጥሩን ይጽፍና ወደሚቀጥለው አግዳሚ ይሄዳል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ድርድሩ ሌላ ድርድር ነው። ትኩሱ ቀለም ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆምብዎታል፤ አሮጌ ቤት ላይ የአዲስ ቀለም ሽታ የሸተተው ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደተሸፈነ ነው።

መደረግ ያለበት ርካሽ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይዘለልም። አሸንዳውን ቅጠልና ጭቃ ያጽዱ፣ መውረጃ ቱቦው ውሃውን ከግድግዳው አርቆ እንዲጥል ያድርጉ። ከዚያ ግድግዳው ሥር ለዓመታት የተከመረውን አፈር ይቁረጡ፤ የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከወለሉ ሥር አየር ማስገቢያ ካለው ይክፈቱት። ልስን የወደቀበትን ቦታ ብቻ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ለውሰው በስሱ ደራርበው ይጠግኑ። የሙቀቱ መጠን ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚወርድበት ወቅት ግን አይሞክሩት። የረጠበ ግድግዳ እንደ ልማዱ ስሌት በወር የሚደርቀው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ነው፤ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግድግዳ ሃያ ወር ይበላል። ይህን ያህል ጊዜ ከሌለዎት አይንኩት፣ እንዳለ ያሳዩት። ድሮ የተለበሰ ሲሚንቶ ካለም በችኮላ በመዶሻ አያራግፉ፤ የድንጋዩን ፊት ይዞት ይወርዳል።

በዚሁ አንቀጽ ሥር የሚገባ ነው፤ የእንጨት መስኮት ነቅሎ የፕላስቲክ መግጠም። የድሮ ቤት ፈላጊ የሚፈልገው ያን የነቀሉትን መስኮት ነው። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ ነገሩ ከውበት ያልፋል። በእንግሊዝ ያለ ፈቃድ የተደረገ ለውጥን መልስ የሚለው ትእዛዝ አዲሱን ባለቤት ይከተላል፣ የጊዜ ገደብም የለውም። የገዢው ጠበቃ ይህን ያውቃል።

አጥሩን ወሰን ነው ብሎ ማመን

አጥር የሚተከለው ከብት እንዳይወጣ ነው፤ ካርታ እንዲያከብር አይደለም። አጥር ተካዩ ድንጋይ ሲገጥመው ምሰሶውን መቆፈር ወደሚቀለው ቦታ ያዞራል። ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ ወሰኑ ከጥንትም እዚያ የነበረ ይመስላል። ሁለት ሜትር ምን አላት ለሚል ሰው፦ በ400 ሜትር አጥር ላይ 800 ካሬ ሜትር ናት።

ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት ካርታውን ይዘው ወሰኑን በእግርዎ ይዙሩ። የወሰን ድንጋዮቹን ይፈልጉ፤ ብዙዎቹ ቅጠልና ሙጃ ውጧቸዋል። ያገኙትን ይግለጡ፣ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፣ ፎቶ ያንሡ። የስልክ ጂፒኤስ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ይስታል፣ ዛፍ ሥር ደግሞ ይብሳል። ካርታውና አጥሩ ካልተስማሙ ቀያሽ ያምጡ፣ ጎረቤትዎንም ያኔውኑ ያነጋግሩ። ገዢ መገኘቱን የሰማ ጎረቤት የትናንቱ ጎረቤት አይደለም።

መግቢያ መንገዱንም እንደዚሁ። ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ጥርጊያ የመጨረሻው 50 ሜትር በሌላ ሰው መሬት ላይ ካለፈ «ሁልጊዜ እናልፍበት ነበር» የሚለው ቃል የገዢውን ባንክ አያሳምነውም፤ በመዝገብ የሰፈረ የመተላለፊያ መብት ይጠይቃል። የተገላቢጦሹም አለ፤ በእርስዎ ግጦሽ አቋርጦ ወደ እርሻው የሚሄድ ሰው ካለ አይደብቁት። ገዢው ቤቱ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ትራክተሩን ያየዋል።

ግጦሹን በቃል አከራይቶ መርሳት

ጎረቤት በጎቹን ያሰማራል፣ በዓመት መጨረሻ ትንሽ ገንዘብ ወይም ድርቆሽ ይሰጣል፣ ወረቀት የለም። ሻጩ ወረቀት ከሌለ ውል የለም ብሎ ያስባል። በብዙ አገር እንዲያ አይደለም። በፈረንሳይ የቃል የእርሻ ኪራይ ሕጋዊ ውል ነው፣ ዘመኑም ቢያንስ 9 ዓመት ነው። ተከራዩ ሕጉ የሚጠይቀውን ካሟላ መሬቱ ሲሸጥ የመግዛት ቅድሚያ አለው። በዚያው አገር ሳፌር የሚባለው የገጠር መሬት ተቋምም የቅድሚያ መብት ስላለው ሽያጩ ሲታወቀው ሁለት ወር ይጠበቃል። እርስዎ ያሉበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ጠበቃ ይጠይቁ፤ የሚጠየቀው ግን ከማስታወቂያው በፊት ነው፣ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ አይደለም።

ሣሩንም ይመልከቱት። ራግወርት የሚባለው ቢጫ አበባ አረም የፈረስና የከብት ጉበት ያበላሻል። ቆሞ ሳለ በምሬቱ ይሸሹታል፤ ታጭዶ ድርቆሽ ውስጥ ሲገባ ግን ሳይለዩ ይበሉታል። ፈረስ ያለው ገዢ አንድ አበባ ካየ ሌላ ሣር አያይም። ዘር ከመያዙ በፊት ጓንት አድርገው ከነሥሩ ይንቀሉት።

ቤቱን ሸጦ መሬቱን ማስቀረት፣ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ሳያዩ

መከፋፈል ይቻላል፤ አንዳንዴም የተሻለ ዋጋ ያመጣል። ግን የውሃ ጉድጓዱ፣ የሴፕቲክ ታንኩ ማስረጊያ መስክ (ፍሳሹ ወደ መሬት የሚሰርግበት ቦታ) እና የመብራት መስመሩ አዲሱ ወሰን ሲሰመር በየትኛው ወገን እንደቀሩ ሳያረጋግጡ አይፈርሙ። ማስረጊያው የሌላ ሰው ግጦሽ ውስጥ የቀረበት ቤት መጸዳጃ ቤት የለውም ማለት ይቀላል።

ደኑን ከሽያጭ በፊት መመንጠር

አሳቡ ግልጽ ነው፤ እንጨቱን ለእንጨት ነጋዴ፣ ቤቱን ለቤት ፈላጊ። ስሌቱ ግን አይሠራም። ቤት ፈላጊው ደኑን በመስኮት የሚታይ ነገር አድርጎ ነው የሚገዛው፤ የሚያገኘው ጉቶ፣ የተከመረ ቅርንጫፍና የከባድ መኪና ጎማ የቆፈረው ቦይ ከሆነ የሚቀንሰው እርስዎ ከግንዱ ካገኙት ይበልጣል። በብዙ ቦታም ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው፣ ከቆረጡ መልሶ የመትከል ግዴታ ይመጣል።

ከመቁረጥ ይልቅ ይቁጠሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ መለኪያ ሜትርና 12.62 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ይበቃል። ገመዱን በአንድ ችካል ላይ አሥረው ሲዞሩ ክቡ 500 ካሬ ሜትር ነው፣ የሄክታር አንድ ሃያኛ። በክቡ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያውን ይለኩና ለ3.14 ያካፍሉ። ዙሪያው 126 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 40 ነው። ዓይነቱንና ውፍረቱን ይጻፉ፣ በክቡ ውስጥ የቆጠሩትን በ20 ያባዙ፤ የአንድ ሄክታር ግምት አገኙ። በተለያየ ቦታ አምስትና ስድስት ክብ ያድርጉና አማካዩን ይውሰዱ፤ ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጠው ከቆጠሩ ራስዎን ነው የሚያታልሉት። ይህ ወረቀት የባለሙያን ግምት አይተካም፤ «ብዙ እንጨት አለው» ከሚለው ግን እጅግ ይሻላል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ወሰን ላይ የቆሙ ትልልቅ ዛፎች የድሮ የአጥር ሽቦና ምስማር ውጠው ይሆናል። ብረት የመጋዙን ጥርስ ስለሚሰብር መሰንጠቂያ ቤት እንዲህ ያለውን ግንድ አይወድም። ኦክ ከሆነ ሲቆረጥ በብረቱ ዙሪያ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ያሳያል። እነዚህን ዛፎች በሀብት ሒሳብ ውስጥ አይክተቱ። መሄጃው ላይ ያዘመመ የደረቀ ዛፍ ካለ ግን እሱን ያስቆርጡ፤ ገዢው በሥሩ ያልፋል።

ውሃውን ክሎሪን ጨምሮ ማስመርመር

ይህ ማጭበርበር ነው፣ ውጤቱም አይዘልቅም። ቧንቧውን ጥቂት ደቂቃ ያፍስሱ፣ ከላቦራቶሪ በተሰጠ ንጹሕ ጠርሙስ ይቅዱ፣ ቀዝቅዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ የሚባለው ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ ጭራሽ እንዳይገኝ፣ ናይትሬትም በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይላል። መጠኑንም ይለኩ። ባለ 20 ሊትር ባልዲ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ይያዙ፣ ፓምፑ ለሰዓታት ከሠራ በኋላ ይድገሙት። ቁጥሩ ዋጋ የሚኖረው በበጋው ማብቂያ ሲለካ ነው፤ በዝናብ ወራት ሁሉም ጉድጓድ ጀግና ነው።

ሴፕቲክ ታንኩን ደግሞ ምርመራ ሲቃረብ አያስመጥጡት። ባዶ ታንክ ማስረጊያው መስራቱን አያሳይም፤ መርማሪው ሌላ ቀን ይቀጥርዎታል፣ ጥርጣሬም ያድርበታል።

የመጋዘኑን ጣሪያ በግፊት ውሃ ማጠብ

ሞገድ ያለው ግራጫ የፋይበር ሲሚንቶ ቆርቆሮ ከሆነ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ መሰል ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ሙሉ በሙሉ የታገደው በ2005 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተመታ ጣሪያ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። አይጠቡት፣ አይቦርቡሩት፣ አይስበሩት። ናሙና በባለሙያ ያስወስዱና ውጤቱን ከሰነዱ ጋር ያያይዙ።

ዋጋውን በሄክታር ማባዛት

ለቤቱ ቅርብ የሆነው የመጀመሪያው ሄክታርና ተዳፋቱ ላይ ያለው አሥረኛው አንድ ዋጋ የላቸውም። ውሃ የሚተኛበት ሣር፣ ትራክተር የማይወጣው ደን፣ ሜዳው ግጦሽ ለየብቻ ይገመቱ።

ፎቶውን ለሽያጩ ሳምንት ማቆየት

መሸጥ ያሰቡ ቀን ማንሣት ይጀምሩ፣ በአራቱም ወቅት። ሣሩን ከማንሣትዎ ሁለት ሳምንት አስቀድመው 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ያሳጭዱት፤ ከዚያ ዝቅ ካለ መሬቱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

የማሳያ ቀን ስህተቶች

ከጣሪያው ሥር ያለ የተቆለፈ ክፍል። የተፈታ ውሻ። ገዢው በሚያልፍበት መስክ ላይ የተሰማራ ኮርማ። ቤቱን ብቻ አሳይቶ «ደኑ ከዚያ ማዶ ነው» ብሎ በጣት መጠቆም። መሄጃውን አስቀድመው ይመንጥሩ፣ የአጥር በሮቹ በአንድ እጅ የሚከፈቱ ይሁኑ፣ ቦት ጫማ በየቁጥሩ ያዘጋጁ። ሩቁን ወሰን መጀመሪያ፣ ቤቱን መጨረሻ ያሳዩ፤ ደክሞት የገባ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠይቃል።

የሚቀረውንና የሚሄደውን አለመጻፍ

የተከመረው ማገዶ፣ ምድጃው፣ የከብት ማጠጫ ገንዳው፣ መጋዘን ውስጥ ያለው ድርቆሽ፣ ደጃፍ ላይ ያለው የድሮ ማረሻ። ለእርስዎ የግል ዕቃ ነው፣ ለገዢው ግን ያየውና የገዛው ነው። ዝርዝሩ ከውሉ ጋር ይፈረም። በዚያው ላይ የተቀበረውን ሁሉ የሚያሳይ በእጅ የተሳለ ንድፍ ይጨምሩ፦ የሴፕቲክ ክዳኑ ከቤቱ ጥግ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ የውሃ መስመሩ የት እንደሚታጠፍ፣ መዝጊያ ቫልቩ በየትኛው ድንጋይ ሥር እንዳለ። ጥልቀቱንም ይጻፉበት።