ከአዳማ ወደ ዝዋይ ደብረ ጽዮን ለምትሄዱ

በዝዋይ ሐይቅ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለውን የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ለማየት ካሰባችሁ፣ ከአዳማ በሌሊት ውጡ። በሞጆና በመቂ በኩል ባቱ (ዝዋይ) ከተማ ስትደርሱ ገና ጠዋት መሆን አለበት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ሐይቁ ይናወጣል፤ ጀልባውም ትንሽ ነው።

ከጀልባ ቀዛፊው ጋር ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ ዋጋው የደርሶ መልስ መሆኑን፣ እናንተ ገዳሙን ስትጎበኙ ምን ያህል እንደሚጠብቃችሁም በግልጽ ተነጋገሩ። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለበት ጀልባ ላይ፣ ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን፣ አትውጡ። በሐይቁ ጉማሬ አለና እጃችሁን ውኃ ውስጥ አትንከሩ።

ገዳሙ ኮረብታ ላይ ስለሆነ አቀበቱን የሚችል ጫማ አድርጉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ግን ይወልቃል። እናቶችና እህቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ ይያዙ። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ እዚህ እንደቆየ ይተረካል፤ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም አሉ። ለማየትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት አባቶችን አስፈቅዱ፤ ዕጣን ወይም ጧፍ ይዞ መሄድ ደግ ነው።

ምሳ ከባቱ ያዙ፣ በተለይ ውኃ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በሌላ ጾም ከሆነ ሥጋና ዓሣ ይቅር፤ ዳቦና ቆሎ ይበቃል። ገንዘቡን በጥሬው ዘርዝራችሁ ያዙ፤ ደሴቱ ላይ ኔትወርክ ላይ መተማመን አያዋጣም።